የአውድማው ጠብታ

ከመስቀል እስከ ገና ባለው ጊዜ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጎረቤላ ብትመጡ ዓይኑን የማያሽ ሰው ማግኘት ይቸግራችኋል። መጀመሪያ ሣሩ ያብባል፣ ኋላ የገብሱ እብቅ ይነሣል፣ አገሩም በሙሉ ያስነጥሳል። ይህ የእግዜር ሥራ ነው፤ አልቀየምም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰው በገዛ እጁ የጨመረበት ነው።

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ስጠብቅ የቀድሞ ጎረቤቴ አቶ ገብረአብ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጡ አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ሔራንን፣ በሌላው ትንሽ ብልቃጥ ይዘዋል። የልጅቱ ዓይን ቀልቶ አብጧል። አጠገቤ ሰርካለም ቆማ ነበር፤ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ የዓይን ሕክምና ተምራ ደብረ ብርሃን ትሠራለች። እጅ ነሣቻቸውና ብልቃጡን ተቀብላ አነበበችው። ፊቷ ተለወጠ።

"አባባ፣ ይህን ማን አዘዘልዎት?"

"ማን ሊያዝልኝ! ስሙን ጠርቼ እገዛለሁ። ከዓመት ዓመት የማምነው እሱን ነው። ለእኔም ለእሷም ጠብ ሲል ማሳከኩ ቀጥ ይላል። ጉሮሮዬን ምርር ሲለኝ መሥራቱን አውቃለሁ።"

"ማሳከኩን ማቆሙ እውነት ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለበት። ያለ ሐኪም ክትትል ሲዘወተር የዓይንን የውስጥ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱም የእይታን ነርቭ ይገድላል። ግላኮማ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰው የሚያውቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።"

አቶ ገብረአብ ሳቁ። "መማርሽ ደስ ይለኛል፣ ልጄ። ግን በአውድማ ቀን ለወንፈል የመጣው ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ የሚጠብቀኝ ለዚህች ጠብታ ነው። ጎረቤቴ ወለተ ጊዮርጊስ እንኳ ከእኔ እጅ በቀር ዓይኗን አታስነካም። ጉዳት ቢኖረው ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ይመርቀኝ ነበር?"

"ከአንድ ብልቃጥ ለሁሉም?"

"ለሁሉም! እኔ ስስት አላውቅም።"

እውነታቸውን ነው፤ ስስት አያውቁም። ምነው ንፉግ በሆኑ ኖሮ! የሐኪም ማዘዣ የት አለ ብሎ መጠየቅ የከበደው ሻጭ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። በጥፊ ባልኩት ብዬ ተመኘሁ።

"እስቲ አባባ፣ ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ሸፍነው ያንን ጋራ ይዩልኝ።"

ሸፈኑ። መዳፋቸውን አነሡ፣ እንደገና ሸፈኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጉም ወርዷል እንዴ?"

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። "ጉም የለም፣ አቶ ገብረአብ" አልኳቸው።

"መቼ ነው ዓይኔ የሄደብኝ?"

"ቀስ እያለ ነው" አለች ሰርካለም። "ቀኙ ስለሚያይልዎ የግራው መጥፋት አልታወቀዎትም።"

"ይመለሳል?"

"የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል። ሔራንንም አሁኑኑ እንውሰዳትና የዓይኗ ግፊት ይለካ።"

ሽማግሌው የልጅቱን ራስ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። "ታዲያ ስታክ ዝም ብዬ ልያት?"

"ዝም አይበሉ። ፊቷን በንጹሕ ውኃ ይጠቡ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ዓይኗ ላይ ያኑሩላት፣ አትሺው ይበሏት። እብቅ ሲነሣ ከአውድማ ትራቅ። ለአለርጂ የሚሆን፣ ስቴሮይድ የሌለበት ጠብታም አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ብልቃጡም የእሷ ብቻ ይሁን።"

አብረን ሄድን። የሔራን ግፊት መጨመር ጀምሮ ነበር፤ ነርቩ ግን ገና አልተነካም። መድኃኒቷ ሲለወጥ ግፊቱ ወረደ፣ ዛሬ ትምህርቷን ትማራለች። የአቶ ገብረአብ ግራ ዓይን ግን ጠፍቶ ቀረ። ቀኙ እንዳይከተል ዕድሜ ልካቸውን ሕክምና ላይ ናቸው።

በታኅሣሥ ለአውድማቸው ቀን ተጠርቼ ሄድኩ። እብቁ ሲነሣ ሰዉ እንደ ልማዱ አንገቱን እያቀና መጣ። አቶ ገብረአብ ባዶ እጃቸውን አሳዩ።

"ጠብታ የለም" አሉ። "ደግ የሠራሁ መስሎኝ በደልኳችሁ፤ የእኔ አንዱ ዓይን በእሱ ጠፍቷል። ከእንግዲህ አፍና ዓይናችሁን በነጠላ ከልሉ፣ በንጹሕ ውኃ ታጠቡ። ዓይኑን የሚያሳክከው ይመርመር፤ ለአንዱ የታዘዘውን ሌላው አይንካ። ይህን ብታደርጉ ልጆቻችሁ ዓይናቸው ይተርፋል። አሁን ተራ በተራ ኑ፣ አንድ አንድ ዓይናችሁን እየሸፈናችሁ የሚታያችሁን ንገሩኝ።"

አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ሳቀ፤ ግን መጡ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሰፌድ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበርና ቀኝ ዓይናቸውን ብቻ አቶ ገብረአብ ራሳቸው በመዳፋቸው ሸፈኑላቸው።

"ምን ይታይሻል?"

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሳቅ አሉ። "ምነው ገብረአብ! ሁለቱንም ጋርደህብኝ ምን ሊታየኝ ነው?"

አቶ ገብረአብ መዳፋቸውን ማንሣት አቃታቸው።