የጣቢያ ሹሙ አራት ገጽ

ከሎስ አንጀለስ ዳር ዳር፣ ከበርባንክም ከዌስትቼስተርም፣ የምትነዱት ነድታችሁ፣ የማትነዱት ደግሞ ሰው ለምናችሁ፣ አቶ ወንድይፍራው ጸጋዬን ልትሸኙ የመጣችሁ ሁሉ፣ ቤተሰቡ እግዚአብሔር ይስጥልን ይላል። የማነበው እኔ የእህታቸው ልጅ ዓለምሰገድ ነኝ። የመጀመሪያውን ክፍል ልጆቻቸው ፋናና ጳውሎስ ያዘጋጁት ሲሆን የኋለኛውን የጨመርሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖርበት ተወቃሹ እኔ ነኝ።

አቶ ወንድይፍራው ከአባታቸው ከአቶ ጸጋዬ እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦሰና በ1914 ዓ.ም. የምድር ባቡር በሚያልፍባት በአፍደም ተወለዱ። አባታቸው የሐዲድ ሠራተኛ ስለነበሩ ልጅነታቸው ሐዲድ ዳር አለፈ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ድሬዳዋ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ፈረንሳይኛና ሒሳብ ተምረው፣ በ1934 ዓ.ም. በቲኬት ሻጭነት በምድር ባቡር ተቀጥረው፣ በልዩ ልዩ ጣቢያዎች በጸሐፊነት፣ በመጨረሻም በሚኤሶ በጣቢያ ሹምነት፣ በድምሩ ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው በ1968 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በሰዓት ቀልድ አያውቁም ነበር፤ ባቡሩ የሚጠበቅበትን ሰዓት፣ የደረሰበትን ሰዓትና የዘገየበትን ምክንያት በሦስት ረድፍ የሚጽፉበት መዝገብ ከእጃቸው አይለይም ነበር።

በ1943 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውብነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፋናንና ጳውሎስን ወልደው፣ አሳድገው፣ ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ባለቤታቸው በ1974 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ብቻቸውን መኖራቸው ያሳሰባት ልጃቸው ፋና ወደ ሎስ አንጀለስ ስላስመጣቻቸው፣ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ፌርፋክስ አጠገብ አብረዋት ኖሩ።

ተጦሮ መቀመጥ አልወድም ብለው ዳውንታውን በአንድ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ያዙ። ባቡር ሲያስተናግዱ የኖሩ ሰው የቆመ መኪና መጠበቃቸው እኛን ያሥቀን ነበር፤ እርሳቸው ግን እንጀራ አይናቅም ይሉ ነበር። የእህታቸው ልጅ መኪና ሊያስተምራቸው ሞክሮ ሁለት ቀን ችለውት በሦስተኛው ቀን ቁልፉን መለሱለት። ላይሰንስ ያላወጡት ስለ ፈሩ አልነበረም፤ በስድሳ ሁለት ዓመት ጀምሬ በሰባ ዓመት ዓይኔ ሲደክም ማን ይነዳልኛል ብለው ነው። ስለዚህ በአውቶቡስ ሄዱ። ያንን የሦስት ረድፍ መዝገብም እንደገና ከፍተው እያንዳንዱን አውቶቡስ ይጽፉ ጀመር፤ አብዛኛውን ጊዜ በምክንያቱ ረድፍ የሚጻፈው “አልታወቀም” የሚል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያነበብሁት ልጆቻቸው የጻፉት ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እነርሱም የሰሙት ከትናንት በስቲያ ነው።

በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ባቡር በየት በየት ይሂድ የሚል የሕዝብ ስብሰባ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ መጠራቱን ሰምተው፣ ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጠው አራት ገጽ በአማርኛ ጻፉ። እንግሊዝኛቸው ስላልደረሰ አስተርጓሚ አድርገው የወሰዱት እኔን ነው። እኔ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ኤርፖርት ተሰልፌ የማድር ባለ ታክሲ ነኝ። በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ሀይለገብርኤል፣ ይኸው እዚህ ተቀምጧል፣ “አጎትህ ባቡር ኤርፖርት ድረስ አስመጥተው የእንጀራ ገመዳችንን ሊበጥሱት ነው አሉ” ብሎ ሰልፉን ሁሉ አሥቆብኝ ነበር፤ ለቀልድ ነው ያለው፣ እኔ ግን ከልቤ ገባ።

ጋሼ ወንድይፍራው ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው አነበቡ። ሰብሳቢዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሀይለገብርኤልም ከኋላ ወንበር ያየኛል። ሲጨርሱ ተራው የእኔ ሆነ። ያንን ሁሉ ቃል ትቼ፣ እኚህ ሽማግሌ በአገራቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ባቡር በጣም ይወዳሉ፣ ስለ ሰማችኋቸው ያመሰግናሉ ብዬ ተቀመጥሁ። ሰዉ ፈገግ ብሎ አጨበጨበ። አጎቴም ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲዬ ውስጥ “አጨበጨቡ አይደል?” አሉኝ። “አዎ ጋሼ፣ አጨበጨቡ” አልኋቸው። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያገኙትን ሁሉ ነገሩ ተሰምቶልናል እያሉ ሲያጽናኑ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማ ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ በፖስታ መጣ። ፋና ነገሩን ሳታውቅ በአማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። “አንድ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ ባቡር እንደሚወዱ ገልጸው አመሰገኑ” ከምትለው ላይ ስትደርስ፣ ያችን ቦታ እስቲ ድገሚያት ብለዋት፣ ወረቀቱን አጥፈው መዝገባቸው ውስጥ ከተቱት። ለእኔ ምንም አልነገሩኝም። እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወስዳቸውም እንደ ወትሮው ቁርስ መብላቴን ጠየቁኝ እንጂ ፊታቸው አልተለወጠም። በመስከረም ግን በሳምንት አራት ቀን፣ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ገቡ። እኔም አላፍር ብዬ “ጋሼ፣ ሰባ ሊሞላዎት ነው እኮ፣ አሁን ኤቢሲዲ ምን ያደርግልዎታል?” ብዬ ቀለድሁ። “ሰው እንዳላስቸግር ነው ልጄ” አሉኝ። የነገሩ ፍች የገባኝ ከትናንት በስቲያ፣ ፋና መዝገቡን ስትሰጠኝና ቃለ ጉባኤውን ውስጡ ሳገኘው ነው።

ነሐሴ 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ፌርማታው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ። ያ መንገድ መኪና የማያጣው መንገድ ነው፤ ሁሉም አልፏል፤ የሚያልፍ ሰው የተቀመጠ ሽማግሌ አይቶ አውቶቡስ ይጠብቃል ብሎ ነው፤ እኔም ብሆን አልቆምም ነበር። መዝገባቸው ጭናቸው ላይ ተከፍቶ ነበር። በሚጠበቅበት ሰዓት ረድፍ “8፡10” ተጽፏል። የደረሰበት የሚለው ባዶ ነው።

በስብሰባው ቀን ያስቀረሁባቸውን ቃል ዛሬ ከገጹ ላይ አነባለሁ። እንዲህ ይላል፦

“እኔ መኪና ጠልቼ አልመጣሁም፤ ያለው ይንዳ። የማይነዳው ግን ምን ይሁን? ጎረቤቴ ወይዘሮ ካሰች የሆቴል አንሶላ ለማጠፍ ዌስትቼስተር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። ሰው ሲያረጅ ለእግሩ ልጆቹን መለመን የለበትም። አንድ ጧት ኦሎምፒክ መንገድ ቆሜ መቶ መኪና ብቆጥር ሰማንያ ስድስቱ አንድ አንድ ሰው ብቻ ይዘዋል፤ መንገዱን ብታሰፉት ያንኑ ባዶ ወንበር ታበዙታላችሁ። እኔ በሠራሁበት መስመር ሁለት ዶሮ የያዘች ገበያተኛና ከረባት ያሰረ ሹም አንድ ደወል ይጠብቁ ነበር። ባቡር የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ የቆመውን ይጭናል። ድሃ አገር የቻለው እናንተን እንዴት ያቅታችኋል?”

ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ቅጽም ተገኝቷል። ለመጪው ጥቅምት ስብሰባ ለመናገር በገዛ እጃቸው የሞሉት ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል ወይ በሚለው ላይ “ኖ” ብለው ጽፈዋል። በዚያ ቀን በእርሳቸው ቦታ ቆሜ አራቱንም ገጽ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፤ እንጀራዬን ከነካውም ይንካው። በሕይወት ሳሉ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ እናንተ ምስክሮቼ ሁኑ፣ ዛሬ እጠይቃለሁ።

አቶ ወንድይፍራው ልጃቸውን ፋናን፣ ልጃቸውን ጳውሎስን፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ በፌርማታው ያወቋቸውን ብዙ ወዳጆችና አንድ ያልታመነ የእህት ልጅ ትተው ወደ ፈጣሪያቸው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ሳንሰማ ለቀረነው ጆሮ ይስጠን፤ ለእናንተም መጽናናቱን ያድልልን። አሜን።

አሁን ወደ መቃብሩ እንሄዳለን። መኪና የሌላችሁ በሩ አጠገብ ቁሙ፤ ታክሲዬ አራት ሰው ትይዛለች፣ እኔ ሳልሞላ አልነሣም፤ የምትነዱትም አደራችሁን፣ ባዶ ወንበር ይዛችሁ አትውጡ።