ያልታመመው ጉልበት

ጡረተኛው መምህር አቶ ዋሲሁን ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ሊገዙ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ገበያ ወርደው ከጎረቤታቸው ልጅ ከነርስ ጽጌሬዳ ጋር ተገጣጠሙ። ሰላምታው እንዳለቀ፣ የእዮኤልን ቃለ ምልልስ በሬዲዮ ሰምታ እንደኮራችበት ብትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

እዮኤል ልጃቸው ነው፤ የእግር ኳስ በረኛ። ሦስት ወር ከቤት አልወጣ ሲል አባትየው ለሰፈሩ "ጉልበቱን ነው" ብለው ነበር። የእድሩ ሰዎችም ደግ ናቸውና ወጌሻ ይዘው መጡ። ልጁ ምንም ያልሆነ ጉልበቱን ሳምንት ሙሉ በቅቤ ታሸ፤ ለአባቱ ክብር ሲል ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ሐሙስ ዕለት ግን በሬዲዮ ቀርቦ "ያመመኝ ድባቴ ነው፤ እየታከምኩ ነው" ብሎ አረፈው።

አቶ ዋሲሁን የልባቸውን አወጡ። ሰው እብድ ይለዋል፣ ክለቡ ያሰናብተዋል ብለው ፈርተዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ "ጋዜጠኛው ቃሌን አጣሞብኝ ነው" ብሎ እንዲያስተባብል ሊያስገድዱት ቆርጠዋል።

"ጋሼ፣ ጉልበቱን ቢሆን ኖሮ ይደብቁ ነበር?" አለች ጽጌሬዳ በትሕትና።

"ጉልበት ምን ያሳፍራል? ተጫዋች ይጎዳል።"

"ይኼም ጉዳት ነው። ጎል ሲገባበት ስታዲየም ሙሉ ሰው ይሰድበዋል። ቤቱም ገብቶ ዝም በል ከተባለ የት ይተንፍስ? ትናንት እኔ የምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሁለት ወጣቶች 'እንደ እዮኤል ነው የሚያደርገን' ብለው መጡ። እሱ ካስተባበለ እነሱም ተመልሰው ይደበቃሉ።"

ፍቅር ዕውቀት ሲጎድለው ያላመመውን እያሸ ያመመውን ያልፋል፤ አቶ ዋሲሁንም ይህ አሁን ገባቸው። "ልጄን ያሳሸሁት እኔ ነኛ" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ አቶ ማቴዎስ በሬዲዮ የተባለው እውነት እንደሆነ በሰው ፊት ጠየቋቸው። አቶ ዋሲሁን ተነሡ።

"እውነት ነው። የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጄ ሐኪም አግኝቶ እንቅልፉም ምግቡም ተመልሶለታል፤ ልምምድም ጀምሯል። በጊዜ ተናግረን ቢሆን ሦስት ወር ባልተሰቃየ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ስብሰባው ሲበተን አቶ ማቴዎስ በር ላይ ጠበቋቸው። የጠየቁት ለሐሜት አልነበረም።

"ልጄ ቅድስት ትምህርቷን ትታ ከተኛች ሁለት ወሯ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኛ ለሰው ወባ ነው እያልን ነው። ሐኪሙን ታሳየኛለህ?"

"ነገ ጠዋት አብረን እንወስዳታለን" አሏቸው አቶ ዋሲሁን።