የፈሪሀ የማድ ቤት እንግሊዝኛ

አምና በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከቆቦ ወደ ሮቢት ልሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው!» ማለት ከጀመረ አርባ አምስት ደቂቃ አልፎታል። ጣራው ግሏል፤ ትዕግሥቴም አልቋል። ልወርድ ብድግ ስል አንድ አባትና ሴት ልጃቸው ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ልጅቱን ፈሪሀን ወዲያው አወቅኋት። እኔ ሕይወት እባላለሁ፤ ቆቦ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እሷንም ሁለት ዓመት አስተምሬአታለሁ። አባቷ አቶ ኡበይድ በሮቢት በፓምፕ ውሃ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው።

«መምህርት! አላህ ነው ያገናኘን» አሉኝ ገና ሳይደላደሉ። «እስቲ ይህችን ልጅ ይገሥጹልኝ። እኔማ ተናግሬ ተናግሬ ምላሴ ዛለ።»

«ምን አጠፋች?»

«ስልክ! ለትምህርት ነው ብላ አስገዛችኝ። ምን ታያለች መሰለዎት? ፈረንጅ ወጥ ሲሠራ! አንዱ ይከትፋል፣ አንዷ ታማስላለች፣ የኔዋ አፏን ከፍታ ታያለች። እናቷ ሀሊሜ ሽንኩርት ክተፊ ስትላት ግን እጇን ያማታል።»

ፈሪሀ አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎት? እንግሊዝኛ እየተማርኩበት ነው» አለች።

«እንግሊዝኛ ከመጽሐፍ ነው እንጂ ከድስት ይጨለፋል?»

እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ከአባትየው ጋር ወገንኩ። ነገሩ ትንሽ ክብሬንም ነክቶኛል። «ፈሪሀ፣ እኔ እኮ የቃላት ዝርዝር ሰጥቻችሁ ነበር» አልኳት።

«ሰጥተውናል፣ መምህርት። ሁለት መቶ ቃል ሸምድጄ ተፈተንኩበት፤ በሳምንቱ ሃያውም ከኔ ጋር አልነበረም። ቪዲዮው ላይ ግን ሴትዮዋ ‹ፒል› ስትል ድንቹን ትልጣለች። ‹ሶክ› ስትል ባቄላውን ትዘፈዝፋለች። ‹ሪንስ› ስትል ሰላጣውን ታለቀልቃለች። በኋላ ቃሉን ስሰማ እጇ ይመጣብኛል። ዐይኔ ያየውን ቃል እንዴት እረሳለሁ?»

«ይሁን እሺ» አሉ አቶ ኡበይድ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ግን ምኑ ነው ምግቡ? ትናንት አሳየችኝ። ሳህኑ ሰፌድ ያክላል፤ መሐሉ ላይ ያለችው ሥጋ ለሕፃን ጉርሻ አትበቃም። በላይዋ ላይ ደግሞ አበባ ጣል አደረጉባት። አበባ! የሚበላው ሰው ነው ወይስ ፍየል? ሌላው ደግሞ ወይን ጠጅ ገለበጠበት፤ አስተግፊሩላህ!»

«ሐራም የሆነውን አልፈዋለሁ፣ አባባ። እኔ ቃሉን ነው የምወስደው እንጂ ድስቱን አልወስድ!»

«መልስ ታውቅበታለች! ሰሙልኝ አይደል፣ መምህርት?»

ሰምቻለሁ። እሳቸው ልጅቱን አይሰሙም፤ ልጅቱ ተሰላችታ መስኮት መስኮቱን ታያለች፤ ረዳቱ «ሁለት ሰው!» ይላል። እኔንም ሁሉ ነገር ምርር አለኝ።

ይሄኔ አቶ ኡበይድ በእግራቸው ሥር ካለው ፌስታል ውስጥ አንድ ጠርሙስ አወጡ። «ቁም ነገር ማለት ይህ ነው» አሉ። «የሽንኩርት ተባይ ማጥፊያ። ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ያን ያህል ተምሬአለሁ ካለች እስቲ ይህን ታንብብ!»

ፈሪሀ ጠርሙሱን ተቀበለች። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ጣቷን እያስከተለች በዝግታ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው።

«አባባ፣ በአንዱ መርጫ ስንት ነው የሚያደርጉት?»

«ሻጩ እንደነገረኝ ሁለት ክዳን ሙሉ።»

«እዚህ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው የሚለው።»

ጠርሙሱን ወስጄ አየሁ። ቃሉ በአጭሩ ስለተጻፈ፣ «የሾርባ ማንኪያ አይደለም?» አልኩ።

«አይደለም፣ መምህርት። የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ከ‹ቲ› ቀጥሎ ‹ቢ› ይገባበት ነበር። ኬክ ሲሠሩ ሁልጊዜ ይጽፉታል።»

ልጅቱ ልክ ነበረች። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ተሳስቻለሁ።

«የሚበጠብጡትስ በምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በቢጫው ጆግ ነዋ! አጥቤ እመልሰው የለ?»

«የልጆቹ የውሃ መጠጫ እኮ ነው!» አለች ደንግጣ። «‹ዩቴንስልስ› ማለት የማድ ቤት ዕቃ ነው፤ ለምግብ በሚውል ዕቃ አትለኩ፣ አትበጥብጡበት ይላል።» ቀጥላ አንድ ቃል አሳየችኝ። «ይቺን አላውቃትም፣ መምህርት።»

«ማቅለሽለሽ» አልኳት።

«ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ። ከትናንት ወዲያ ይህንኑ ረጭተው ሲመለሱ እንደዚያ ነው የሆኑት።»

«እሱማ ምች ነው!»

«ምች አይደለም፣ አባባ። ተጽፏል እኮ።»

 ፈሪሀ የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ እኔም አብሬ አየሁት። መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ አሥራ አራት ቀን ሳይሞላ ሰብሉ አይነሣም ይላል። አቶ ኡበይድ የታችኛውን መደብ የረጩት ሐሙስ ነው። የነጋዴው አይሱዙ ሽንኩርቱን ሊጭን የሚመጣው ሰኞ ነው። ሀሊሜ ደግሞ ለዛሬ ምሳ ከዚያው መደብ ነቅላለች።

ሰውየው ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ቤታቸው ደወሉ።

«ሀሊሜ! ከታችኛው መደብ የነቀልሽውን ሽንኩርት ድስት እንዳታስገቢ! ቢጫውንም ጆግ ከቤት አውጪው፤ ልጆቹ እንዳይነኩት።»

«ምን መጥቶ ነው?» የሚለው የሀሊሜ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ።

«ልጅሽ አንብባ ነው» አሉ።

ቀጥለው ሽንኩርቱን ያሻሻጠው ደላላ ጋ ደውለው አይሱዙው ሰኞ እንዳይመጣ ነገሩት። ደላላው ነጋዴውን ሊያስቀይሙብኝ ነው ብሎ ጮኸ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ዋጋ ቢወድቅ የራስዎ ጉዳይ ነው አለ። አቶ ኡበይድ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ «ወላሂ፣ ልጆቼ እንዳይበሉት ያልኩትን ለሰው ልጅ አልሸጥም» ብለው ዘጉት።

በመጨረሻ ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። መንገድ ከጀመርን በኋላ አቶ ኡበይድ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህርት፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ እንዲህ ያለውን ቃል በሁለት ዓመት ውስጥ እርስዎ ለምን አላስተማሯትም?»

«እኔ ያስተማርኳት ለፈተና ነበር፣ አባት» አልኩ። 

«እንግዲያውስ ቪዲዮሽን እዪ» አሏት ልጃቸውን፣ አሁንም ንዴታቸው ሳይበርድ። «ግን ተጋድመሽ አይደለም! በቀን አንድ ሰዓት፣ ደብተር ይዘሽ። ያወቅሽውን ቃል ጻፊው። ከዚያ ተነሥተሽ እናትሽን አግዢ፤ በእንግሊዝኛ እየከተፍሽ ከሆነም የራስሽ ጉዳይ ነው!»

ፈሪሀ ሳቀች። «አብሽሩ፣ አባባ» አለች።

በማግሥቱ አቶ ኡበይድ ጤና ጣቢያ ሄደው ተመረመሩ፤ ሐኪሙም ያመመዎት መርዙ ነው አላቸው። ከዚያ ወዲህ ለመድኃኒቱ ብቻ በተለየ የሻይ ማንኪያ ለክተው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ይረጫሉ፤ ራስ ምታቱም ተዋቸው። አይሱዙው ዘግይቶ ሲመጣ ዋጋው ቀንሶ ነበር። በዚህ ተናደዋል፤ ግን አልተጸጸቱም። አሁን የሮቢት ገበሬዎች ጠርሙሳቸውን፣ እናቶችም የልጆቻቸውን የሽሮፕ መድኃኒት ይዘው ፈሪሀ ጋ ይመጣሉ። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች፤ እኔም የማላውቀው ሲገጥመኝ ሳላፍር እጠይቃለሁ።

ክፍሌ ውስጥ ደግሞ የቃላት ዝርዝር መስጠት ትቻለሁ። ተማሪዎቼ አጭር የምግብ ቪዲዮ አይተው፣ እናታቸው የማሽላ ገንፎ እንዴት እንደምታገነፋ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። መለካት፣ መበጥበጥ፣ ማለቅለቅ፣ ማጥለል፣ መጠበቅ፦ እነዚህ የወጥ ቃላት ብቻ አይደሉም። በመድኃኒቱም፣ በዘሩም፣ በማዳበሪያውም ጀርባ ላይ የተጻፉት እነዚሁ ናቸው። ድሮ በፍርሃት አፋቸውን የማይከፍቱት ልጆች እንኳ ስለ ገንፎ ሲሆን ይከራከራሉ።

እርግጥ ነው፣ ስልክ ጊዜ ይበላል፤ ያለ ደብተር የታየ ነገር እንደ ጉም ይበናል። የአቶ ኡበይድ ቁጣ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ግን እኔም እሳቸውም አንድ ነገር ሳናደርግ ነው የፈረድነው። ልጃችን ከያዘችው ስልክ ጋር ከመጣላታችን በፊት አጠገቧ ቁጭ ብለን፣ «እስቲ ምን ይላል? ለእኔም ንገሪኝ» እንበላት።