ብቻውን የሠራው አልበም

ኧረ ይቀመጡ፣ እትዬ። መጋረጃዎ ደርሷል፤ አጣጥፌ እስክጨርስ ነው። ይሄ ጭጋግ እኮ ልብስ አላደርቅ ብሎ አሰቃየን... ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀለል አለልዎት? እሰይ። ያን ሁሉ ዓመት ቆመው ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቁጥር ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበት ቢያኮርፍ ይፈረድበታል?

እዚህ ወንበር ላይ ይሻልዎታል። ጥግ ያለው ተይዟል፤ ደንበኛ ነው፣ ጥቁር ሸሚዙን እስክተኩስለት እየጠበቀ ነው። ይረበሻል ብለው አይጨነቁ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። የራሱን ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው የሌላውን መች ይሰማል?

ሙዚቃ ስል... አልሰሙም እንዴ? የሰፈራችን ልጅ አልበም አወጣ! ሜታል የሚሉት ዓይነት፣ ጊታሩ የሚጮህ፣ ዘፋኙ የሚያጓራ። አሳታሚ የለ፣ ድርጅት የለ፣ በራሱ። ሬድዮ ላይ ቀርቦ ሲጠየቅ ምን አለ መሰለዎት? «ሁሉንም ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ። ጊታሩን እሱ፣ ድምፁን እሱ፣ ድራሙን እሱ... እኔማ ኮራሁ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል ነበር የማውቀው፤ ለካ ብርቱ ከሆኑ አይቀር ሁለተኛውንም ውጦ ብቻን መቆም ይቻላል።

እኔ ባንዱ ሁለት ሰው ይመስለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ፣ ማሽኖቹ በሚያርፉበት ቀን፣ እዚህ ጀርባ ማድረቂያ ክፍላችን ውስጥ ድራሙ ላይ የሚቀመጠው ወንድሜ ይመስለኝ ነበር። ድምፁን እንዲውጡላቸው ባለቤቶቻቸው የረሷቸውን ብርድ ልብሶች ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትም እኔ የሆንኩ መስሎኝ... ዕድሜ እኮ ነው፣ እትዬ። ሰው በዓይኑ ያየውን ነገር ሬድዮ ካላረመው አይገባውም።

ወንድሜን ያስታውሱታል መቼም። አፉን የሚይዘው፣ ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው። እርስዎ እኮ ነዎት «አትቸኩል፣ ቃሉ እስኪመጣልህ እንጠብቅሃለን» ብለው ቁጥር ያስቆጠሩት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሶ... ሶ... ሦስት።» ሁልጊዜ ሦስት ላይ ነበር የሚይዘው። አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው፣ ይኸው የአልበሙ ልጅስ ትዝ ይልዎታል? እንዴት ያለ ጎበዝ ነበር! የሁለቱ ደብተር ላይ መልሱ አንድ ዓይነት... ስህተቱ ሳይቀር። «እነዚህ ልጆች እንዴት ቢግባቡ ነው!» ብለው ሲደነቁ ሰምቻለሁ። መግባባት ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ዘፈን ሲጀመር አብረው እንዲገቡ ድራመሩ ይቆጥራል አይደል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ወንድሜ ሦስት ላይ ሲያዝ ጊታሩ ቀድሞት እየገባ ስንት እሁድ ተበላሸባቸው መሰለዎት! ኋላ ግን ለመዱት። ሦስት ላይ ቆም ብሎ መጠበቅ መጣ። ከዚያ በኋላ የሠሯቸው ዘፈኖች ሁሉ፣ መሀላቸው ላይ ሳይቀር፣ አንዲት ትንፋሽ የምታህል ዝምታ አለቻቸው። ዝም... ከዚያ ግምምም! እንግዲህ የሬድዮው ሰውዬ ካልበሙ ሁሉ መርጦ የወደደው ምኑን ይመስልዎታል? እሷኑ! «ይህች ዝምታ ከየት መጣች?» ብሎ ጠየቀ። የኛ ሊቅ ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? «የሁለት ዓመት ጥናቴ ውጤት ናት።»

ሁለት ዓመት! አንዳንዱ ጭንቅላት እኮ ፈጣን ነው። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያጠናት ኖሮ እስካሁን አልተመረቀባትም።

አቤት ደንበኛዬ? ማዳመጫውን አወለቅከው? ሙቀቱ ነው፣ የእንፋሎቱ። አይዞህ፣ ኮሌታው ብቻ ነው የቀረኝ። አንተን አይደለም የማወራው፤ ስለ አንድ ልጅ ነው።

ሽፋኑን ላሳይዎት፣ መነጽርዎን ያድርጉ። ጥቁር ላይ ጥቁር ነው። ይሄ መሀል ላይ የተነቀለ ሥር የሚመስለው የባንዱ ስም ነው አሉ። ማንም አያነበውም፤ ደንቡ ነው፣ ከተነበበ ሜታል አይባልም። ታዲያ እኔ ሞኟ ምን አልኩ... አንድ የማይነበብ ስም ቢጨመርበት ማን ያይበት ነበር? ይገልብጡት እስቲ። እዚች ጋ፣ በደቃቁ፣ ምስጋና አለ። ድመቱን አመስግኗል። ድመቱን! ደግ ልጅ ነው፤ ስንቱ ድመቱን ይረሳል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያሉ አሳደጉን፤ ከሽፋን በታች የሚውል ስም እንዳለ ያየሁት ዘንድሮ ነው።

ወንድሜም ገልብጦ አየው። አንዴ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ መብራት ስር ወስዶም አነበበው። ከዚያ ወደ ማጠቢያ ማሽኑ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አራተኛው ዘፈን ላይ ብቻ አንዲት ነገር ተረስታለች። ተረስታለች እንኳ አልልም፣ ሊቅ አይረሳም... ጊታሩ ሳይገባ አንድ ሰው በቀስታ ይቆጥራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሶ...» እናቴ ጆሮዋ እንደደከመ ያውቃሉ፤ አልበሙን ስከፍትላት «ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» ነበር ያለችው። እዚያች ጋ ስትደርስ ግን ከአልጋዋ ቀና አለች። «ልጄ ነው!» አለች። አረምኳት። «አይ እማዬ፣ ብቻውን ነው የሠራው፤ መንተባተቡንም ጨምሮ አጥንቶ ነው» አልኳት። አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እናት ምን ታደርጓታላችሁ፣ ሥነ ጥበብ አይገባትም።

ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምረቃው ነው። ለመድረኩ አዲስ ድራመር ተገኝቷል፤ አንደበተ ርቱዕ አሉ። አንድ ሁለት ሦስት አራት... እንደ ውሃ ነው የሚፈስለት። ዝምታዋ የት ጋ እንደምትገባ ማን ነግሮት ይሆን? እኔ ምን አስጨነቀኝ፣ ያጠናት ሰው አለ አይደል?

ኮሌታው አማረ። ይዩልኝ እስቲ፣ እትዬ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ነጭ ልብስም እንደዚያው ነው። ጥቁር ግን በታጠበ ቁጥር ይገረጣል። ይሄ ግን አልገረጣም፣ ለምን ይመስልዎታል? በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ ስለታጠበ ነው። በማን እጅ አይሉኝም? «ማሽን ያበላሸዋል» ብሎ ትናንት ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ተንበርክኮ ያጠበው አለ። ሲያቀብለኝ ምን አለኝ? «የጓ... የጓደኛዬ ነው፤ አሳምረሽ ተኩሺው፣ ብዙ ሰው ያየዋል።»

ጓደኛዬ አለ፣ እትዬ! ጥሪ እንኳ አልደረሰውም እኮ። «በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ፣ ምናልባት ሦስት ላይ ከጠፋባቸው» ነው የሚለኝ። ምን ልበለው? ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይላል የድሮ ሰው። የድሮ ሰው አልበም አላወጣማ!

እንካ ደንበኛዬ፣ ሸሚዝህ። በመስቀያው ያዘው፣ እንዳይጨማደድ። ምነው መልስህን ሳትቀበል ወደ በሩ? የመድረክ ነገር ነው፣ ይለቅሃል። ቆይ፣ ደንበኛ ሳልመርቅ ሸኝቼ አላውቅም፤ እትዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉልኝ። በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ። ጭብጨባው ያንተ ይሁን። ዕድሜ ይስጥህ፣ የሞላ፣ የተረፈ። በዚያም ዕድሜህ ሁሉ፣ ብትታመም ብትቸገር፣ ሰው የምትፈልግበት ቀን ሲመጣ... እግዜር ልክ እንደ ራስህ ያለ ጓደኛ ከጎንህ አይለይህ።