የሚጮኸውና የሚገጥመው

ማሽኑ በስሱ እያነባበረ ያተመውን፣ ከእቶን የወጣውን የሸክላ መንጋጋ በለስላሳ ብሩሽ እየጠረገች ነበር። ስልኩ ሲጠራ ብሩሹን ሳታስቀምጥ በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ያዘችው።

— ሄሎ... አቤት ወንድምዓለም!... ኧረ ቀስ ብለህ፣ ምንም አልገባኝም... አሃ። ዕጢው ግማሽ መንጋጋህን ይዞ ሲሄድ ነገረኛ ምላስህን ትቶልሃል!... አዎ፣ ወጥቷል። ቆይ እስቲ፣ አትፈንጥዝ...

ወደ ሥራ ባልደረባዋ ዞረች።

— አንተ፣ ማራገቢያውን አጥፋልኝ!... ወንድሜ ነው... አዎ፣ ባለመንጋጋው።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ልኩማ ልክ ነው። በራስ ቅልህ ቅጂ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቁጭ አለ... እኔ? ምንም አልሆንኩም። ዱቄቱ ነው፣ አፍንጫዬ ገብቶ...

— እሺ፣ አንድ ነገር ላሰማህ። ስልኩን ጆሮህ ላይ ለጥፈው። ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ እሳት ስንት እንደሚያሳንሰው ተሳስቼ ትንሽ ያደረግኩት...

በጥፍሯ መታችው።

— ሰማህ? ቅጭል ይላል አይደል? ጤነኛ ሸክላ እንዲህ ይጮሃል። አሁን የዛሬው...

መታችው።

— ...መታሁት እኮ... አዎ፣ እሱው ነው ድምፁ... ተሰንጥቋል፣ ወንድምዓለም። በዓይን አይታይም፤ ከውስጥ ነው።

— በሙጫ?... አይሆንም፣ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ያደረግነው ለጌጥ መሰለህ? አጥንትህ በዚያ እየተሳበ እንዲገባ ነው...

— ትንሹን?... ሂድ ወዲያ! «ትንሽ ትንሽ እያኘክሁ እኖራለሁ» ይባላል?... አይይዝም። ከጫፍ ጫፍ ካልነካ አጥንት ክፍተት አይዘልም።

— ሌላ እንዳላትም የሸክላው ዱቄት አልቋል። ዕቃውን ገልብጬ አራግፌዋለሁ... ቢገኝስ? ማድረቁ አለ፣ መተኮሱ አለ፤ ሐኪሙ ደግሞ ነገ ይሳፈራል። ከሱ ሌላ ይሄን የሚገጥም እንደሌለ አንተም ታውቃለህ...

— እ?... ልድገምልህ? የቱን?... እሺ። የሚጮኸውን።

ትንሹን አንስታ መታችው። ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

— ...በቃህ?... እሺ ወንድምዓለም። እሺ። ደህና ዋል።

ስልኩን ዘጋችው። የተሰነጠቀው መንጋጋ ላይ ያልተጠረገ አንድ ጥግ ቀርቶ ነበር። ብሩሹን አንስታ ቀዳዳ በቀዳዳ አጸዳችው፣ በጥጥ ጠቀለለችው፣ ከትንሹ ጎን አስተኝታ የሳጥኑን ክዳን ገጠመች።