ጢስ ያለበት ቤት

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ የቀበሌ ቤቶች ኃላፊ ነበርሁ። ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ አከራዩ ቀበሌ ነው፤ ለተከራይ የማከፋፍለው ደግሞ እኔ። አንድ ቀን ሊቀመንበራችን ጠራኝና፣ «ያቺ ብቻዋን የምትኖረው እታገኝ ቤቱን ዘግታ ጠፍታለች። ሂድና አሽገው፤ ለአዲሱ ካድሬ ይሰጣል» አለኝ። እታገኝ ጎንደር ሆስፒታል መተኛቷን ሰምቻለሁ፤ ግን ተዘግቶ የከረመ ቤት ይታሸጋል የሚል መመሪያ አለና ማሸጊያዬን ይዤ ሄድሁ። ስደርስ ከጣሪያው ጢስ ይወጣል! በሩን ባንኳኳ ጎረቤቷ እትየ ጥሩነሽ ዓይናቸው በጢስ ቀልቶ ብቅ አሉ። «ምን ያደርጋሉ እዚህ፣ እትየ?» ብላቸው፣ «እሳት አነዳለሁ። ቁልፉን ለኛ ነው የተወችው። ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ ነገ የጎረቤታችን የዘይነባ። እሷ ታማ ብትተኛ ቤቷም ጢስ ይጣ? በል እንግዲህ፣ ፍሙ ላይ ውኃ ድፋና አሽግ!» አሉኝ።

እኔም የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ የሰው ምድጃ ላይ ውኃ አልደፋም። ተመለስሁ። «አሸግኸው?» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ጓድ፣ ቤቱ ሰው አለበት» አልሁት። «ማን?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ፣ «ሰፈሩ ሁሉ!» አልሁ። እሱም የዚያው አገር ሰው ነውና ማሸጊያውን ከእጄ ተቀበለኝ። ለካድሬው ሌላ ቤት ተፈለገለት።

እታገኝ ድና ስትመለስ በሯን ከውስጥ የከፈትሁላት እኔ ነበርሁ፣ ዓይኔ በጢስ ቀልቶ። የዚያን ቀን ተራው የኔ ነበር።