በጉትቻ ሥር የተገኙት አዝራሮች

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ከፋርማሲስቷ ጋር ባይገጣጠሙ ኖሮ፣ በሽርጣቸው የቋጠሩትን የረገፈ ቅጠል ለማንም ሳያሳዩ ይደፉት ነበር። ፋርማሲስቷ ከእሳቸው በታች ያለውን ክፍል የተከራየች ወጣት ናት፤ ትሁት ብትሆንም አይታ ማለፍ አይሆንላትም።

«እትዬ፣ ይሄ የፉክሲያ ቅጠል አይደለም እንዴ? ምን ሆነችብዎ?»

«እየሞተች ነው፣ ልጄ» አሉ ሰፊዋ፤ ቃሉ ካፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ።

ፉክሲያዋ በማሰሮ የተተከለች የአበባ ተክል ናት፤ አበባዋ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ በቤቱ ውስጥ የምትጠራው ጉትቻ እየተባለች ነው። ያለችው ሟች እናታቸው ይተኙበት በነበረው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። ከእሷና በሩ ጀርባ ከተሰቀለው የእናታቸው ካፖርት በቀር ክፍሉ ውስጥ ምንም የለም። ሰፊዋ ወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ጠብ! የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ገብተው ሲያዩ ቀይ አበባ ወለሉ ላይ ወድቋል። ይህን ለዓመታት ለምደውታል። ከወር ወዲህ ግን አበባው ሁሉ አልቆ ሳለ ድምፁ አልቀረም። ጠብ! ሲል ይገባሉ፤ ወለሉ ባዶ ነው።

ፋርማሲስቷ ተከትላቸው ገባችና ተክሏን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ከታች በስብሳለች። ጫፏ ላይ ግን ሦስት ለምለም ቀንበጥ አላት። እነሱን ቆርጠን ብንተክል...»

«ዝም በይ!» ሰፊዋ በሩን ዘጉት፤ ማን እንዳይሰማ እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁም። «አባቴ የተከላት ታላቅ እህቴ በሕፃንነቷ የሞተች ሰሞን ነው። ‹መቀስ የነካት ዕለት ከዚህ ቤት ሰው ይቆረጣል› እንዳለ ሞተ። ልጄ ደግሞ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። በምን አንጀቴ መቀስ ላንሳ?»

አንባቢ አይሳቅባቸው። የልጅ ነገር ሲመጣ የማይፈራ ማን አለ?

«እሺ፣ አንቆርጥም» አለች ፋርማሲስቷ ለስለስ ብላ። «ሥሯን ብቻ ልይ?»

ማሰሮውን ጋዜጣ ላይ ገለበጡት። ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ከታች፣ ውሃ በሚወርድበት ቀዳዳ ላይ፣ በአንድ ክር የተሰኩ አምስት አዝራሮች ተቀምጠዋል።

ሰፊዋ ክሩን አነሱት። «የእናቴ ቋጠሮ ነው። አንድ ሥራ በጨረሰች ቁጥር አንድ አዝራር ክር ላይ ትሰካ ነበር። እዚህ ውስጥ ግን ምን ሥራ ነበራት?»

«ተክሏ ስንት ዓመቷ ነው፣ እትዬ?»

«ከሃምሳ በላይ።»

«ይህ ግንድ ከአሥር ዓመት አይበልጥም፤ አውራ ጣት እንኳ አያክልም። ተክሏ ባረጀች ቁጥር እናትዎ ቀንበጧን ቆርጠው እዚሁ ሲተክሉ ኖረዋል ማለት ነው። አባትዎ እንዳያዝኑ ተደብቀው። አምስት ጊዜ።»

ሰፊዋ አዝራሮቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ። «ነጩ የትምህርት ቤት ልብሴ ነው፤ አንደኛ ክፍል የገባሁ ዓመት። ሰማያዊው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የተሰፋው የአባቴ ሸሚዝ። ይሄ ያገባሁበት ቀሚስ። ይቺ ትንሿ ደግሞ ልጄ የተወለደች ዓመት የሰፋንላት ልብስ።»

«በእነዚያ ዓመታት ከቤቱ ሰው ሞቷል?»

ሰፊዋ ዓመታቱን በጣታቸው ቆጠሩ። «ማንም አልሞተም» አሉ።

አምስተኛው ትልቅ ጥቁር አዝራር ነበር። ሰፊዋ ቀስ ብለው ወደ ካፖርቱ ሄዱ። ሦስተኛው አዝራር ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያኔ ቤቱን ሁሉ ፈልገው አጥተውታል። ለኩት፤ ልክ ሆነ። እጃቸውን ካነሱ በኋላም ካፖርቱ ጥቂት ተወዛወዘ።

«ይኸው! እናቴ ይቺን የቆረጠች ክረምት ሞተች! አባቴ አልዋሸም!»

ፋርማሲስቷንም ጀርባዋን በረዳት። ቢሆንም፣ «ያኔ እናትዎ ጤነኛ ነበሩ?» ብላ ጠየቀች።

«የምን ጤና! አልጋ ከያዘች ዓመት አልፏት ነበር። ሐኪሞቹም ቁርጡን ነግረውናል።»

«እንግዲያው ስለቆረጡ አልሞቱም፣ እትዬ። መሞታቸውን ስላወቁ ነው የቆረጡት። ካፖርቱን ደርበው፣ ግድግዳ ይዘው እዚህ መስኮት ድረስ የመጡት እርስዎ ያለ ጉትቻ እንዳይቀሩ ነው።»

ሰፊዋ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ የሥራ መቀሳቸውን አምጥተው ስለቱን በፈላ ውሃ አጠቡ።

«ከየቱ ጋ?»

«ቅጠል ከሚወጣበት አንጓ ዝቅ ብለው፤ ጣት ያህል ይበቃል። የታች ቅጠሎቹን ይንቀሉ። እምቡጥ ካለ ያንሱት፤ አቅሟን ለሥር ታውለው። አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ተክለው ትልቅ ብርጭቆ ይድፉባት። ብርሃን ታግኝ እንጂ ፀሐይ በቀጥታ አይምታት። ውሃ ደግሞ አያብዙ፤ ይቺን ያበሰበሷት ሲሳሱላት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሰፊዋ ደረጃውን በሩጫ ወረዱት። «ብርጭቆው ውስጥ ሰው ይተነፍሳል!»

ሦስቱም ብርጭቆዎች ከውስጥ በጤዛ ተሸፍነዋል። «ከቅጠሏና ካፈሩ የወጣው እርጥበት መሄጃ አጥቶ ነው» አለች ፋርማሲስቷ። «ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ይግለጡላት።» ሰፊዋ ነገሩ ገባቸው፤ ሆኖም በገለጡ ቁጥር «እንዴት አደርሽ» ማለታቸውን አልተዉም።

በአራተኛው ሳምንት ሦስቱም ሥር ሰደዱ። በዚያው ሳምንት ልጃቸው በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። አንዷ ተክል ለአራሷ፣ አንዷ ለፋርማሲስቷ ተሰጠች። አሁን አንዷ ብትደርቅ ከሌላዋ ቤት ቀንበጥ ይመጣል፤ ለአንድ ማሰሮ ሲባል መንቀጥቀጥ ቀረ። ሰፊዋም ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ «ቆርጦ ማካፈል መግደል አይደለም» እያሉ አቆራረጡን ያሳያሉ።

ሦስተኛዋን ወደ አሮጌው ማሰሮ የመለሱ ዕለት፣ አስቀድመው ከሹራባቸው አንድ አዝራር ቆረጡና ከአምስቱ ቀጥሎ ክሩ ላይ ሰኩት። ቋጠሮውን ሲያጠብቁ፣ ጠብ! አለ። ወለሉን አዩ፤ ባዶ ነው።

«ጨርሻለሁ፣ እማዬ» አሉ ሰፊዋ፤ ክሩን ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው አፈሩን ሞሉበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ድምፅ የሚሰማው አበባ ሲወድቅ ብቻ ነው።